የምናያቸው ኮከቦች ሁሉ ሞተዋል የሚባለው እውነት ነው? ከመንዝ የመጣ ጥያቄ

መንዜው (ጥር 14፣ ማታ 2፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ።

ዘንድሮ በዓሉን አገር ቤት ነበርኩ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ። ከተራ ማታ ታቦቱ ድንኳኑ ከገባ በኋላ እኛም በርኖስና ጋቢ ደራርበን ሜዳው ላይ አደርን። መብራት የለም። ጨረቃም አልወጣችም። የመንዝን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጥር ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚነጋው። ሰማዩ ግን! አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ስኖር ኮከብ አይቼ አላውቅም ብል ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጋቢዬ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ ያያል። አንድ ተወርዋሪ ኮከብ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እናቴ ከወዲያ ሆና "ይኼኔ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል" አለች። ልጁ ወዲያው "ኮከቡስ? እሱም ሞተ?" አለኝ። እኔም አዋቂ ሆኜ ቴሌግራም ላይ ያነበብኩትን ለቀቅኩት። "የምታያቸው ኮከቦች ሁሉ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አሁን የምታየው የቀረ ብርሃናቸውን ነው" አልኩት።

ልጁ ዝም አለ። ቆየና "እና ይኼ ሁሉ ሬሳ ነው?" ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየም።

እውነት ነው የነገርኩት? ወይስ ልጁን በከንቱ አስፈራራሁት?

የአንኮበር ልጅ (ማታ 2፡31)

"ይኼ ሁሉ ሬሳ ነው" ያለው ልጅ ገደለኝ። እኔም ግን እንደዛው ነው የማውቀው። ብርሃኑ እኛ ጋ እስኪደርስ ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል አይደል?

ቆላው (ማታ 2፡40)

እዚህ ሸዋ ሮቢት ብትመጡ ሜዳ ላይ ማደር ብርቅ አይደለም። ጋቢም አያስፈልግም። ጥያቄውን መልሱለት እንጂ።

ጡረተኛው መምህር (ማታ 3፡25)

ልጄ መንዜው፣ በከንቱ ነው ያስፈራራኸው። ፊዚክስ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ስሙኝ።

ያለ መሣሪያ፣ በዓይናችን ብቻ የምናየው ኮከብ አብዛኛው የሰፈር ሰው ነው። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከጥቂት ዓመት እስከ ጥቂት ሺህ ዓመት ቢፈጅበት ነው። የኮከብ ዕድሜ ደግሞ የሚቆጠረው በሚሊዮንና በቢሊዮን ነው። እስቲ አስቡት። ከደሴ የተላከ ደብዳቤ በሦስት ቀን ቢደርሳችሁ፣ ጸሐፊው በመንገድ ሳለ ሞቷል ብላችሁ ለቅሶ ትቀመጣላችሁ? ሊሆን ይችላል፣ ግን ዕድሉ ከምንም አይቆጠር።

በዚያች ሌሊት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ከሁሉም በላይ ሲንቦገቦግ ያያችሁት ሲሪየስ ነው። ርቀቱ 8.6 የብርሃን ዓመት ነው፤ ብርሃን በ8.6 ዓመት የሚሄደው መንገድ ማለት ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ከሆነ፣ ያ ብርሃን መንገድ የጀመረው ልጁ ጡት ሲጠባ ነው ማለት ነው። ይህን ንገረው።

መንዜው (ማታ 3፡33)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሌላም አለ። ከተራ ማታ ልክ አናታችን ላይ ቀላ ያለች ኮከብ ነበረች። እሷስ? እሷ ፈንድታለች፣ ወሬው ገና አልደረሰንም የሚሉ አሉ።

ብርሃኔ ከደብረ ብርሃን (ማታ 3፡50)

እሷማ ቤተልጁዝ ናት! ኦርዮን ከሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ። ጥምቀት ሰሞን ማታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀና ካልክ እኛ አገር አናት ላይ ነው የምትቆመው። አንገት ታሳምማለች።

ስሟን አስተውላችኋል? ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ "የጀውዛ እጅ" ማለት ነው። በእኛ ኮከብ ቆጠራ "ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ" ሲባል ያለው ገውዝ ያው ራሱ ጀውዛ ነው። እኔ ገውዝ ነኝና ስሰማው ደስ አለኝ። በሱ አምኜ አይደለም፣ ለጨዋታ ነው።

ርቀቷ ከ550 እስከ 700 የብርሃን ዓመት ይገመታል። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ብርሃኗ የተነሣው በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችበት ዘመን ማለት ነው። "ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ" የሚለውን ታሪክ የማያውቅ የደብረ ብርሃን ልጅ የለም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ያንን ብርሃን በፈረንጆች 1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ጅራታም ኮከብ ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ኮከብ አይደለም፤ በረዶና አቧራ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ማታ 4፡15)

ብርሃኔ ልክ ነሽ። ቤተልጁዝ እርጅና ላይ ናት፣ እውነት ነው። መፈንዳቷም አይቀርም። ግን "በቅርቡ" ሲሉ በኮከብ ሂሳብ ነው። የሚገመተው እስከ 100,000 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የ600 ዓመት መንገድ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ አሁንም እዚያው አለች ብለህ ብትወራረድ ትበላለህ።

በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብርሃኗ በጣም ቀንሶ ነበር። ያኔ "ልትፈነዳ ነው" ተባለ። በኋላ ሲጣራ ራሷ የተፋችው አቧራ ጋርዷት ነው።

ሞላሌ 77 (ማታ 4፡22)

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይኼን ሁሉ ማን ቆሞ አየው? ሰው ሰማንያ ዓመት ይኖራል። እናንተ ደግሞ ሚሊዮን፣ ቢሊዮን ትላላችሁ። የኮከብ ልደትና ሞት ጠብቆ ያየ አለ? እኔ ያላየሁትን አላምንም።

የአንኮበር ልጅ (ማታ 4፡24)

ሞላሌ ቅድመ አያትህን አይተሃቸዋል?

ሞላሌ 77 (ማታ 4፡25)

ቀልድህን ተው፣ የምር ነው የጠየቅሁት።

ጡረተኛው መምህር (ማታ 5፡02)

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አትሳቁበት። ተማሪዎቼ ሁሌ ይጠይቁኝ ነበር።

ሞላሌ፣ ከሰው ጋር ኖሮ የማያውቅ ፍጡር ከተራ ማታ ጃን ሜዳ ወይም መሐል ሜዳ ለአንድ ሰዓት ቢወርድ ምን ያያል? የታዘለ ሕፃን አለ። የሚሯሯጥ ልጅ አለ። ሎሚ የሚወረውር ጎረምሳ አለ። ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አሉ። ማንም ዓይኑ እያየ አላደገም፣ አላረጀምም። ግን ልብ ያለው ከሆነ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የሰው ሕይወት እንዴት እንደሚሄድ ይገጣጥመዋል። የሕፃን ብዛት ስንት ነው፣ የሽማግሌ ስንት ነው ብሎ ቢቆጥር ደግሞ የትኛው ዕድሜ ረጅም እንደሆነ ይገምታል።

ሰማዩም ከተራ ነው። ሁሉም ዕድሜ ባንድ ጊዜ ወጥቷል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። አንድ ላይ የተወለዱ የኮከብ ዘለላዎች አሉ፣ እኩያሞች። ከኦርዮን ወደ ሰሜን ምዕራብ አለፍ ስትል የወይን ዘለላ የምትመስል ትንሽ ጥርቅም ታያለህ፣ ዓይነ ጥሩ ስድስት ሰባት ይቆጥራል። ፈረንጆቹ ፕሌያዲስ ይሏታል። ዕድሜዋ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ደማቆቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ወጣት ናቸው። ከእሷ አጠገብ ያለችው ሃያዲስ ደግሞ 600 ሚሊዮን ዓመት ያለፋት ናት። እዚያ ሰማያዊዎቹ የሉም፤ ትልልቆቹ ወይ አብጠው ቀልተዋል፣ ወይ ሞተዋል። ሁለቱን ስታነጻጽር አንድ ቤተሰብ በሁለት ፎቶ እንደማየት ነው።

ጣርማበር (ማታ 5፡20)

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። መንዜው ለልጁ ከልደት ይጀምርለት ባይ ነኝ። ከሬሳ አይጀመርም።

ኮከብ የሚወለደው በብርድ ነው። ይኼን ስማር መንዝ ትዝ ብላኝ ብቻዬን ሳቅሁ። በኮከቦች መሃል ጋዝና አቧራ የሞላበት ደመና አለ፣ ኔቡላ ይባላል። እዚያ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለው ቦታ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። መቀዝቀዙ ግዴታ ነው። ጋዝ ሲሞቅ ይበተናላ! ሲቀዘቅዝ ግን የራሱ ስበት ያሸንፈውና ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ መሃሉ ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ሲያልፍ እሳቱ ይያያዛል። ሃይድሮጂን መቃጠል ይጀምራል። አለቀ፣ ኮከብ ተወለደ።

ለልጁ ማሳየት ይቻላል። የኦርዮንን ሦስት ኮከቦች፣ በአንድ መስመር የተደረደሩትን መቀነት፣ ያገኛል። ከነሱ ሥር የተንጠለጠለ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ያ የኦርዮን ኔቡላ ነው፣ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። አሁንም ኮከብ እየተወለደበት ነው። የወላድ ቤት በለው።

ጡረተኛው መምህር (ማታ 5፡41)

ጎበዝ ልጄ። አንዲት ቃል ብቻ ላርም፣ "መቃጠል" የምትለዋን። ኩበትና እንጨት የሚቃጠለው ከአየር ጋር ነው። ኮከብ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። የሃይድሮጂን አቶም እምብርቶች ተዋሕደው ሂሊየም ይሆናሉ። አራቱ አንድ ሲሆኑ ክብደቱ ትንሽ ይጎድላል፤ የጎደለው ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፀሐያችን በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን ትፈጃለች። ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ገደማው ነው ብርሃን የሚሆነው። እንዲያም ሆኖ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ኖራለች፣ ወደ 5 ቢሊዮን ይቀራታል።

ለምን አትፈነዳም? የጠላ ጋን ተከድኖ ድንጋይ ሲጫንበት አስቡ። ድንጋዩ ወደ ታች ይጫናል፣ የሚፈላው ወደ ላይ ይገፋል። ስበቱ ድንጋዩ ነው፣ ሙቀቱ ፍላቱ ነው። ሁለቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ ኮከቡ እንዳለ ይቆያል።

ጣርማበር (ማታ 5፡43)

እሺ መምህር፣ ታርሜያለሁ። ፈተና ላይ እንዲህ ባልጽፍ ይሻለኛል።

ቆላው (ጥር 15፣ ጠዋት 1፡05)

ሌሊቱን ስታወሩ አደራችሁ? እኔ አንድ ያልገባኝ አለ። ትልቁ ኮከብ ቶሎ ይሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ብዙ ማገዶ ያለው ብዙ መቆየት አልነበረበትም?

የአንኮበር ልጅ (ጠዋት 1፡30)

ይኼን እኔ ልመልስ፣ ገበሬ አሳድጎኛል። ሁለት ቤት አለ። አንዱ አምስት ኩንታል ገብስ ገብቶለታል፣ ግን ሁለት ነፍስ ነው፣ በቁና እየለካ ነው የሚያወጣው። ሌላው ሃምሳ ኩንታል አለው፣ ግን በየሳምንቱ ድግስ፣ በየወሩ ሠርግ። የትኛው ጎተራ ነው ክረምት ሳይገባ የሚራቆተው?

ልክ ነኝ መምህር?

ጡረተኛው መምህር (ጠዋት 2፡00)

ከኔ የተሻለ ገለጽከው። ቁጥሩን ልጨምርበት። ከፀሐይ አሥር እጥፍ የሚከብድ ኮከብ በሺዎች እጥፍ ያበራል። ስለዚህ ጎተራው አሥር እጥፍ ሆኖ ሳለ፣ ወጪው በሺዎች እጥፍ ነው። ዕድሜው 20 እና 30 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ይሆናል። ቤተልጁዝማ 10 ሚሊዮን ሳትሞላ ነው ያረጀችው። በተቃራኒው ቀይ ድንክ የሚባሉት ትንንሾቹ በትሪሊዮን ዓመት ይኖራሉ። ዓለም ከተፈጠረ ገና 13.8 ቢሊዮን ስለሆነ ከነሱ አንድም በእርጅና የሞተ የለም። ከኮከብ ሁሉ በቁጥር የሚበዙትም እነሱ ናቸው፤ ግን ፍዝ ስለሆኑ አንዱንም በዓይናችሁ አታዩትም።

መንዜው (ጠዋት 2፡48)

ቢሮ ገብቼ ሥራ ፈትቼ ይኼን እያነበብኩ ነው። አለቃዬ እንዳያይ። አሁን ሞቱን ንገሩኝ። ልጁ መጠየቁ አይቀርም።

ጡረተኛው መምህር (ጠዋት 4፡10)

ሞቱ እንደ ክብደቱ ነው። አንድ ዓይነት አይደለም።

እንደ ፀሐይ ያለው በእርጋታ ነው የሚሞተው። መሃሉ ላይ ሃይድሮጂን ሲያልቅ እምብርቱ ይጨመቃል፣ ውጪው ግን ያብጣል፣ ይቀላል። ቀይ ግዙፍ ይባላል። የኛ ፀሐይ ያኔ ሜርኩሪንና ቬነስን ትውጣለች። ለምድርም ያሰጋል። ከዚያ የላይኛውን ልብሷን ቀስ በቀስ ወደ ሕዋው ትበትናለች። የሚቀረው እምብርቱ ነው፣ ነጭ ድንክ። ክብደቱ ከፀሐይ ግማሽ በላይ፣ መጠኑ ግን ምድርን የሚያህል።

ማታ እናቶቻችን ፍሙን በአመድ ሲያዳፍኑ አይታችኋል። እንጨት አይጨመርበትም። ግን እስኪነጋ ሙቀቱ አይጠፋም። ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ቀይ ዓይኑን ያሳያል። ነጭ ድንክ የተዳፈነ ፍም ነው። አዲስ ነገር አይሠራም፣ ያለውን ሙቀት ይዞ በቢሊዮን ዓመት ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ሲሪየስ ልመልሳችሁ። ሲሪየስ ብቻዋን አይደለችም። አጠገቧ እንዲህ ያለ ነጭ ድንክ አለ። ቤሰል የሚባል ጀርመናዊ በ1844 በፈረንጆች፣ ሲሪየስ ስትሄድ ወዝወዝ ማለቷን አይቶ "አንድ የማይታይ ነገር እየጎተታት ነው" አለ። በ1862 አልቫን ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ አዲስ ቴሌስኮፕ ሲሞክር አየው። ሁለቱ እኩያሞች ናቸው፣ አንድ ላይ ነው የተወለዱት። የሞተው ትልቁ ነበር። ቆላው፣ የአንኮበሩ ልጅ ያለው ድግሰኛ ቤት ይኼው ነው።

ስለዚህ መንዜው፣ ሬሳስ አለ። ልጁ ግን ያየው ሬሳውን አይደለም። ያ በዓይን አይታይም።

ብርሃኔ ከደብረ ብርሃን (ጠዋት 4፡30)

የትልልቆቹንም ንገሩን እንጂ መምህር! ዋናው እሱ አይደል?

ጡረተኛው መምህር (ከሰዓት 8፡15)

ምሳ በልቼ መጣሁ።

ትልልቆቹ ሂሊየም ላይ አይቆሙም። ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ሲሊከን እያሉ እየከበደ ይሄዳል። በመጨረሻ ብረት ጋ ይደርሳሉ። ብረት መጨረሻቸው ነው። ከብረት በፊት ያለው ሲዋሃድ ኃይል ይሰጣል፤ ብረትን ለማዋሃድ ግን ኃይል መክፈል ያስፈልጋል። እሳቱ ላይ ድንጋይ እንደመጨመር ነው። የሚገፋው ሙቀት ሲጠፋ የጋኑ ድንጋይ ያሸንፋል። ሚሊዮን ዓመታት የኖረ ኮከብ እምብርቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደረመሳል። ውጪው ደግሞ ይፈነዳል። ሱፐርኖቫ ይሉታል።

የሚቀረው 20 ኪሎ ሜትር የምታህል ኳስ ናት፣ ኒውትሮን ኮከብ። 20 ኪሎ ሜትር ማለት የመንዝ ሰው አህያ እየነዳ ገበያ ውሎ የሚመለስበት መንገድ ነው። በዚያች ውስጥ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ታጭቋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጨለፍላችሁ በቢሊዮን ቶን ይመዝናል። ከዚያም ከከበደ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ብርሃንም አያመልጠውም።

ሞላሌ "ማን አየው" ብለሃል። ይኼኛውን ሰው አይቶታል። በ1054 በፈረንጆች ቻይናዎች በቀን ብርሃን 23 ቀን ሙሉ የታየ ኮከብ መዝግበዋል። ዛሬ በዚያው ቦታ የተበተነ ጋዝ አለ፣ ክራብ ኔቡላ ይባላል። መሃሉ ላይ በሰከንድ 30 ጊዜ የምትሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ አለች።

በእኔ ዘመን ደግሞ በየካቲት 1979 ዓ.ም. አንድ ፈንድቷል፣ በስተደቡብ፣ በጎረቤት ጋላክሲ። ያለ መሣሪያ ይታይ ነበር። እኔ ወጣት ነበርኩ፣ ያኔ ወሬውም አልደረሰኝ። ከዓመታት በኋላ መጽሔት ላይ አንብቤ ተቆጨሁ። ብርሃኑ ለመድረስ ከ160,000 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እንግዲህ በ1978 ያንን ኮከብ በቴሌስኮፕ ያየ ሰው፣ በእርግጥም የሞተ ኮከብ ነው ያየው። የቴሌግራሙ ወሬ እንዲህ ላለው ሩቅ ኮከብ ይሠራል። ከተራ ማታ አናታችሁ ላይ ላለው አይሠራም።

ሞላሌ 77 (ከሰዓት 8፡40)

እሺ፣ የቻይናዎቹን ተቀብያለሁ። ያቺ ልጁ ያያት ተወርዋሪስ? የማነች?

ጣርማበር (ከሰዓት 8፡52)

እሷ ኮከብም አይደለችም። የአሸዋ ቅንጣት ወይም የአተር ፍሬ የምታክል ጠጠር ናት። በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየበረረች ወደ አየራችን ስትገባ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ ትግላለች፣ ትከስማለች። ማንም አልሞተም።

መንዜው፣ የማረሻ ብረት ለልጁ አሳየው። ያ ብረት ፀሐይም ምድርም ሳይኖሩ በፈነዱ ኮከቦች ውስጥ የተሠራ ነው። ኮከብ ከነካ አይፈራም።

መንዜው (ጥር 16፣ ማታ 1፡20)

ደወልኩ። ኔትወርክ ሦስት ጊዜ ቆረጠብኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ጎተራውን፣ የተዳፈነውን ፍም። ፍሙ ላይ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ጮኾ "አያቴ፣ ያቺ የወደቀችው ጠጠር ናት ይላል!" አለ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ "ጠጠርም ትሁን፣ የማነው ሰውዬ በማግሥቱ አርፏል" አለችኝ። ምን እላለሁ።

ማታ ማታ ደጅ እየወጣ ሲሪየስን ይፈልጋል አሉኝ። "እኩያዬ" ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ጡረተኛው መምህር (ማታ 1፡45)

እኩያው ብርሃኗ ነው። ራሷ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ናት። ልጁን ሁለተኛ እንዳታሳስተው።